ጋሽ ጅብሪል ያስቀመጠልኝ ማቆሚያ

ባለፈው ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ነበር። አሶሳ በምሠራበት አልጋ ቤት ውሃ ሲጠፋ አንሶላ ማጠብ ስለማይቻል፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። እንግዳ የምትቀበለው ራሄል ስልኳን ስትነካካ ቆየችና «ስንዱ፣ ነይ ይህን እዪ» አለችኝ። ቬትናም የሚባል አገር ነው። መኪናዋ በተራራ ጥግ ትጠማዘዛለች፤ ከታች ባሕር ነው፣ ከላይ ጉም። ሹፌሩ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ወዲያ ወዲህ ያሳያል። ትንሽ ይሄድና ያቆማል፤ ፈረንጆቹ ወርደው ባሕሩን ያያሉ። እንደገና ይሄድና ያቆማል፤ የሩዝ ማሳ ውስጥ እስከ ሆዱ የገባ ጎሽ ያያሉ። «ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄዱ መንገደኞች ናቸው» አለችኝ። «ሌላ መኪና ቶሎ ያደርሳቸው ነበር። ይሄኛው እያስጎበኘ ስለሚወስዳቸው ግን የበለጠ ይከፍሉታል።»

«ለመቆሙ ነው የሚከፍሉት?»

«ዋናው መቆሙ እኮ ነው!»

ሳቄ መጣ። ራሄል ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ፤ ከየት ጀምሬ እንደምነግራት ግራ ገባኝ። በራችን ላይ የምትቀመጠው ሴት ማንጎዋን ቆልላ ነበርና ሽታው እስከ ውስጥ ይገባል። ያ የበሰለ ማንጎ ሽታና ያ በመስኮት የወጣ እጅ አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ እኔ ወንበሩ ላይ አልነበርኩም። የጋሽ ጅብሪል መኪና ጋቢና ውስጥ ነበርኩ።

ከባምባሲ አሶሳ ያለው መንገድ በዚያን ጊዜ ጠጠር ነበር። በበጋ ቀይ አቧራው ቅንድብ ላይ ይተኛል፤ በክረምት መኪናው ሲንሸራተት ሴቶቹ የማርያምንም የነቢዩንም ስም አንድ ላይ ይጠራሉ። የጋሽ ጅብሪል መኪና ቅጥቅጥ ነበር። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እስካሁን የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ አቧራው አላስለየንም። ካሴቱ ሁልጊዜ የሱዳን ዘፈን ነው። ዘፋኙ አንዲት ቃል ይይዝና ዳገቱን ከሥር እስከ ጫፍ በእሷ ይወጣል፤ ጋሽ ጅብሪልም መሪውን በጣቶቹ እየመታ አብሮት ይወጣል። የበርታ ሴቶች ቶባቸውን ተከናንበው ሲገቡ መኪናው ውስጥ አበባ የፈሰሰ ይመስላል፤ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ። እኛ የሠፋሪ ልጆች ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ ጫማችን በሙቀት ስለሚቀልጥ ብረቱን እንዳንነካ እግራችንን ሰብስበን ነው የምንቀመጠው። ማንጎ በዚያን ጊዜ በቁልል እንጂ በፍሬ አይሸጥም፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ሆዱን ይዞ ነው የሚመለሰው። አሁን ራሄል አንዷን ፍሬ ገዝታ ለሁለት ስትከፍልልኝ፣ ያኔ በመስኮት የምንወረውረው ትዝ ይለኛል።

ጋሽ ጅብሪል ግን የሚታወቀው በካሴቱ ሳይሆን በማቆሙ ነው። ሌላው ሹፌር ሰው ለመጫን ያቆማል፤ እሱ ለማሳየት ያቆማል። ቀርከሃው ጫካ ጋ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና «እይ! ይሄ ቀርከሃ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው። አበበ፣ ኸላስ፣ ሞተ» ይላል። ወርቅ የሚታጠብበት ጅረት ጋ ያቆምና ሴቶቹ ገበቴውን እንዴት እንደሚያዞሩት በእጁ እያዞረ ያሳያል። ትልቁ ድንጋይ ጋ ደግሞ «በጠራ ቀን ከዚህ ሱዳን ይታያል» ብሎ ሁሉንም ያስወርዳል። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው፤ የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው፣ አማርኛውን የለቀመው ገበያ ላይ ነው፤ ማንም አይቀየመውም።

የሚጨቃጨቀው ከእትዬ ዘውዴ ጋር ነበር። እትዬ ዘውዴ ከባምባሲ በርበሬ እየገዙ አሶሳ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው።

«ጅብሪል! የኔ በርበሬ እኮ ዛፍ አያይም!»

«በርበሬ ካላየ አንተ እይ።»

«ገበያ ይበተንብኛል! ይኸው ሱዳን ሱዳን ስትል ስንት ጊዜ ወረድኩ፤ እስከ ዛሬ ያየሁት ደመና ነው።»

«እሱ ደመና የሱዳን ነው» ይላል ጋሽ ጅብሪል፤ መኪናው በሙሉ በሳቅ ይናጋል። እትዬ ዘውዴ ሁለተኛ በዚህ መኪና ብሄድ ብለው ይምላሉ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ፈጣኖቹ መኪኖች «አሶሳ! አሶሳ!» እያሉ ሲጠሯቸው እንዳልሰሙ አልፈው፣ በርበሬያቸውን እሱ ጋ ያስጭናሉ።

አንድ ሕግም ነበረው። መንገዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው፣ ሕፃንም ይሁን ሽማግሌ፣ ጋቢና ነው የሚቀመጠው። ያ ሰው አንድ ማቆሚያ አለው። የፈለገው ቦታ ላይ «ቁም» ካለ መኪናው ይቆማል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ይበቃኛል እስኪል ይጠበቃል። አንዱ የአጎቱን ቤት ለማየት ያስቆማል፤ አንዱ ለመጸለይ፤ አንድ ልጅ ደግሞ ጦጣ ለማየት አስቁሞ ጦጣዋ ጠፍታ መንገደኛው ሁሉ አብሮ ሲፈልግ ዋለ ይባላል።

ይህን ሕግ ከየት እንዳመጣው እናቴ ነች የነገረችኝ፤ ለእሷ ደግሞ ራሱ ነው የነገራት። እናቴ ከወሎ የመጣችው ልጅ ሆና፣ ሰው ሁሉ በመኪና እየተጫነ ወደዚህ በሚመጣበት ዘመን ነው። መኪናው በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ጋሽ ጅብሪል ያኔ ትንሽ ልጅ ሆኖ መንገድ ዳር ቆሞ መኪኖቹ ሲያልፉ ያያል። አንዱ መኪና ጭቃ ይዞት ቆመ። ከሸራው ሥር አንድ እጅ ወጣ። እጅ ብቻ፤ ፊት የለም። እሱም የያዘውን ማንጎ እዚያ እጅ ላይ አኖረ፤ እጁም ወደ ውስጥ ገባ፤ መኪናውም ሄደ። «ያ ሰው አገሬን ሳያይ አገሬ ገባ» ይል ነበር። «መንገድ ያላየ ሰው መመለሻ የለውም። እኔ መኪና ቢኖረኝ ሰውን አልሸፍንም አልኩ።»

«እጁ ያንቺ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት እናቴን።

«እኔ እንኳ ማንጎ አልደረሰኝም» አለችና ሳቀች። «ለደረሰው ሰው ግን ጥሩ ማንጎ ይመስለኛል፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያስቆመናል።»

እኔ ከባምባሲ የወጣሁት ስድስተኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ ነው። አክስቴ አሶሳ ምግብ ቤት ነበራት፤ «ትረዳኛለች፣ እኔም አስተምራታለሁ» ብላ ላከችብን። መማሩ አልሆነም፤ እሱ ሌላ ወሬ ነው። እናቴ አረንጓዴ ቀሚስ አሰፋችልኝ፤ ልብስ ሰፊው አንገቱን ስላጠበበው ያንቀኝ ነበር። የምሄድበት ቀን ማሽላው እሸት የደረሰበት ወቅት ላይ ዋለ። ያን ጊዜ ማሳውን ግማሽ ቀን የለቀቀ ሰው ለዝንጀሮ ነው የዘራው፤ ጠባቂ ሌላ አልነበረንም። ስለዚህ እናቴ መናኸሪያ ልትሸኘኝ አልቻለችም። ጠዋት ፀጉሬን እያሰረችልኝ እንዲህ አለችኝ፦

«ከከተማው ወጣ ስትሉ መታጠፊያው ላይ ማሳችን ከታች ይታያል። ማሽላው ዳር ነጠላዬን ይዤ እቆማለሁ። ጅብሪልን ቁም በይው። በደንብ እንተያያለን።»

«እሺ» አልኳት።

«ትይዋለሽ አይደል?»

«እሺ አልኩሽ።»

ደግማ የጠየቀችኝ ስለምታውቀኝ ነው። እኔ ሰው ሲሰበሰብ ድምፄ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምትልልኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ነበረች።

ጋሽ ጅብሪል አየኝና «አዲስ ነህ? ያላ፣ ጋቢና!» አለኝ። ወጣሁ። መኪናው ሞልቶ ነበር፤ እትዬ ዘውዴም ከኋላዬ ተቀምጠዋል፤ የበርበሬው ሽታ አንገቴ ሥር ይገባል። «አንድ ማቆሚያ አለህ» አለኝ ጣቱን አንድ አድርጎ። «ቁም ትላለህ፣ እቆማለሁ። በቃ።» ራሴን ነቀነቅኩ። ተነሣን። ያን ዕለት ዘግይተን ነበር የወጣነው፤ ጎማ ሲቀየር ቆይቷልና መንገደኛው ሁሉ ተቆጥቷል። «ዛሬ ማቆም የሚባል ነገር የለም!» ይላሉ እትዬ ዘውዴ። «ዛሬ ካቆምክ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄደው!» ሌሎቹም «እውነታቸውን ነው» ይላሉ። ጋሽ ጅብሪልም እየመለሰላቸው ይነዳል።

መታጠፊያው መጣ። «ቁም» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴ ላይ ክብደቱን አስታውሰዋለሁ። ጭቅጭቁ እስኪያበቃ ብዬ ጠበቅኩ። ጭቅጭቁ አላበቃም። ከታች ማሽላው ቀላ ብሎ ተዘርግቷል፤ ዳሩ ላይ ነጭ ነገር አለ። ነጩ ነገር ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ እንደገና ከፍ አለ። ከዚያ ቀርከሃው ጋረደው። እኔ አንድ እጄን መስኮቱ ላይ አድርጌ ነበር፤ እሷ ግን ያንን ከዚያ ርቀት ልታይ አትችልም።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ጋሽ ጅብሪል ወደኔ ዞረ። «የት ነው ማቆሚያህ?» ጫማዬን አየሁ። ድንጋዩ ጋ ደግሞ ጠየቀኝ፤ የቀሚሴን አንገት ጎተትኩ። አሶሳ መናኸሪያ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ ላስቲኬን አቀብሎኝ ትንሽ አየኝ። ምን እንዳየ አላውቅም። «ማቆሚያህን አልበላህም» አለኝ። «እኔ ጋ ነው። አደራ ነው።»

ከዚያ በኋላ መንገዱን ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ አክስቴ ስትፈቅድ። ጋሽ ጅብሪል አንድም ቀን አልረሳም። «ዛሬስ?» ይለኛል፣ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ። እኔም ጎንበስ ብዬ «ይቆየኝ» እላለሁ። «ይቆይ። ማቆሚያ አይበላሽም፤ ማንጎ አይደለም።» መጀመሪያ ከኀፍረቴ የተነሣ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። አክስቴ ቤት የኔ የምለው አልነበረም፤ የምተኛበት አልጋ እንኳ እንግዳ ሲመጣ የእንግዳ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ግን አንድ የኔ የሆነ ነገር አለ። ሰሐን እያጠብኩ እሱን አስበው ነበር፤ ዛሬ ባስቆም የት አስቆማለሁ፣ ምን ያህል እቆያለሁ እያልኩ። ባወጣው የሚያልቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ፋሲካ ከእናቴ ጋር በቆሎ ስንፈለፍል ነገሩን ራሷ አነሣችው።

«ያን ዕለት ቆሜ ነበር።»

«አይቼሻለሁ።»

«መኪናው ሳይቆም ሲቀር ጅብሪል ሳይዝሽ ቀርቷል ብዬ ተጨንቄ ነበር።»

«ይዞኝ ነበር። ቁም ማለት አፈርኩ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የያዘችውን በቆሎ አስቀመጠችና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ይሄ ከኔ የወረስሽው ነው» አለችኝ። «ያኔ ስንመጣ ሸራው አንድ ቦታ ተቀዶ ነበር። አንዲት ሴትዮ ቀዳዳው ጋ ተቀምጣ ተኝታለች። ትንሽ ልቀቂልኝና ልይ ማለት አፈርኩ። መንገዱን ሁሉ የእሷን ጀርባ እያየሁ መጣሁ። እስከ ዛሬ ከቤታችን እዚህ ድረስ ምን እንዳለ አላውቅም፤ ተራራ ይሁን፣ ወንዝ ይሁን።» በቆሎዋን መልሳ አነሣች። «አንቺ ግን አንድ ቀን አስቁሚው። እኔ ማሳው ላይ ብኖርም ባልኖርም።»

ወዲያው በሚቀጥለው ጉዞ ማስቆም እችል ነበር። ግን ለሚቀጥለው፣ ለሚቀጥለው እያልኩ፣ መንገዱ ተዘግቶ መኪና የማይንቀሳቀስበት ያ ክፉ ወቅት መጣ። መናኸሪያው ባዶ ሆኖ ፍየሎች ይተኙበት ጀመር። እናቴ ያኔ ታመመች። መታመሟን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት የደረስኩት ከቀብሯ በኋላ ነው። ጋሽ ጅብሪልም በዚያው ሰሞን መኪናውን ሸጦ ወደ ዘመዶቹ ወደ ኩርሙክ ሄደ አሉ። ሱዳን ተሻግሯልም ይላሉ፤ አልፏልም ይላሉ። እንዳልሞተ የሚምሉም አሉ፤ እኔ እነሱን ነው የማምነው። መንገዱም በኋላ አስፋልት ሆነ። አሁን ሚኒባሱ ሽው ብሎ ያደርሳል፤ ቀርከሃው በመስኮት እንደ አጥር ይሮጣል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ነው የሚሄደው። ቶሎ መድረስ ጥሩ ነው፤ ወላድ የያዘ ሰው፣ ታማሚ የያዘ ሰው ያመሰግናል። እኔ ግን ቶሎ ስደርስ የምሄድበት ሰው የለኝም።

ራሄል ያንን የቬትናም መንገድ ባሳየችኝ ሳምንት የእናቴ ሙት ዓመት ነበር። ቅዳሜ ባምባሲ ሄጄ አደርኩ፤ ማግስቱን በሚኒባስ ልመለስ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ዘፈኑ መቀመጫውን ያንቀጠቅጣል። ልንነሣ ስንል አንዲት አሮጊት በሁለት ሰው ተደግፈው ገቡ፤ ከእሳቸው ቀድሞ የበርበሬ ሽታ ገባ። እትዬ ዘውዴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ አላወቁኝም፤ እኔም እንደ ልማዴ አፍሬ ሰላም አላልኳቸውም።

ከከተማው ወጣን። መታጠፊያው ከሩቅ ሲታየኝ ያው ክብደት ምላሴ ላይ መጣ። ሚኒባሱ ይሮጣል። ሁለቱን እጆቼን የፊት ወንበሩ ላይ አድርጌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

ከጆሮዬ ውጭ የሰማው ያለ አልመሰለኝም። ደግሜ ጮህኩ። ሹፌሩ ዘፈኑን ቀነሰና በመስታወት አየኝ።

«እዚህ ጫካ ውስጥ ማን ጋ ነው የምትወርጂው?»

«መውረድ አይደለም። ዝም ብለህ ቁምልኝ።»

«ሽንት ከሆነ ትንሽ ቻይው፣ እህቴ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ። ፊቴ ነደደ። «አይደለም» አልኩ፤ «ማቆሚያ አለኝ። የጋሽ ጅብሪል ነው። አላስቆምኩትም ነበር።»

ሹፌሩ ጅብሪል ማነው እያለ ሊያልፍ ነበር። ያኔ ከኋላ ያ ድምፅ፣ ያረጀ ግን አሁንም ከሞተር በላይ የሆነ ድምፅ መጣ።

«አንተ! አቁም!»

«እማማ፣ ገበያ አልረፈደብዎትም?»

«ገበያው ይበተን! በርበሬውም ይሻግት! የጅብሪል ማቆሚያ ነው ስትልህ አልሰማህም? አቁም አልኩህ!»

አቆመ። ወረድኩ። ከታች ማሳችን አለ፤ የገዛው ሰው ግማሹን ማንጎ ተክሎበታል፤ ግማሹ ላይ ማሽላው ቀልቷል። ዳሩ ላይ ማንም አልነበረም። እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ጥቂት ጠበቅኩ። ከዚያ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ይዤ ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት፣ እንደገና ከፍ አደረግኩት። ነፋሱ ሊወስድብኝ ይታገለኝ ነበር።

ከኋላዬ የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። አንድ ሰው ወረደ፤ ሌላም ወረደ። ያ የሳቀው ሰውዬ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «እንዴ፣ እዚህ ጋ እንዲህ ያምራል እንዴ? ሁልጊዜ እናልፋለን እኮ» አለ። እትዬ ዘውዴ ተደግፈው ከአስፋልቱ ዳር ቆመዋል። በዚያ በደከመ ዓይናቸው ወደ ቀርከሃው እያመለከቱ «እይ፣ ይሄ ቀርከሃ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብበው» ይሉታል። «አበበ፣ ኸላስ፣ ሞተ። ከወዲያ ደግሞ በጠራ ቀን ሱዳን ይታያል።»

«እውነት? እርስዎ አይተውታል?»

«ስንት ጊዜ!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ዘፈኑም አብሮ ጠፋ፤ የማሽላው ቅጠል ድምፅ ከታች ድረስ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ አጠገቤ መጣና፣ ቅድም ሊያልፈኝ የነበረው ልጅ፣ ዝግ ብሎ «እህቴ፣ ይበቃሻል? እንሂድ?» አለኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን እንደያዝኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «ገና ነኝ» አልኩት።